ስልሳ የጣት አሻራ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርሁም፤ ለእናቴ አልነገርሁም፤ ጾም በገባ ቁጥር ፊታቸው ተንበርክኬ ኀጢአቴን ለምዘረዝርላቸው ለነፍስ አባቴም አልነገርሁም። ለእሳቸው የምነግራቸው ቀላል ቀላሉን ነው፤ ተቆጣሁ፣ ሰው አማሁ፣ ረቡዕ ቀን ረስቼ ሻይ በወተት ጠጣሁ። እሳቸው ስግደት ያዙኛል፤ እኔም እሰግዳለሁ። ዋናውን ግን ሆዴ ውስጥ እንደያዝሁት ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። እናንተ ፊቴን ስለማታዩት ለእናንተ ልንገራችሁ። ለዚህም እንኳ ድፍረት ያገኘሁት ስለማታዩኝ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ የጣና ሐይቅን ጉዳይ ከሚከታተሉ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ፣ አቧራ አራግፋለሁ። ከዚያ ክፍል የሚያወጣኝ ዲግሪ ብቻ ነበርና ማኔጅመንት በርቀት መማር ጀመርሁ። በርቀት የተማረ ሰው ኑሮውን ያውቀዋል፤ ሞጁል መቀበል፣ የቤት ሥራ ሠርቶ ማስረከብ፣ አልፎ አልፎ ቅዳሜና እሑድ ተሰብስቦ ቱቶሪያል እያዛጉ መስማት። ዓመታቱን እንደ ምንም ገፋኋቸው። በመጨረሻ አንድ ኮርስ ቀረኝ፤ የመመረቂያ ጥናቱ። እሱን ካለፍሁ እመረቃለሁ፤ ከወደቅሁ ከፋይሎቹ ጋር አረጃለሁ።

አማካሪዬ ለመሥሪያ ቤትህም ይጠቅማል ብለው ርዕስ መረጡልኝ፤ ጣናን የወረረውን እምቦጭ በእጃቸው የሚነቅሉ ሰዎች የሥራ ሁኔታ። ስልሳ ሰው መጠይቅ እንዳስሞላ አዘዙኝ። እያንዳንዱ ሰው በፈቃዱ መሳተፉን በፊርማው ያረጋግጥ፤ መጻፍ የማይችል ደግሞ በጣት አሻራው ያረጋግጥ አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ስልሳ ወረቀት አባዝቼ፣ ከመዝገብ ቤት የማኅተም ቀለም ይዤ ተነሣሁ።

የሄድሁት አንድ ቀን ነው። አንድ ቀን ብቻ። እስከ ሐሙሲት በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ ወደ ሐይቁ ወረድሁ። የተነቀለው አረም ዳር ዳሩን ተከምሮ በስብሷል። ሰዎቹ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ይነቅላሉ፣ የሚንጠባጠበውን ተሸክመው ያወጣሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። እኔ ጫማዬን አስጠርጌ ነበር የሄድሁት። አፍንጫዬን በመሐረብ ይዤ፣ ጭቃ እንዳይነካኝ ድንጋይ ላይ ቆሜ፣ አንድ በአንድ ወደ እኔ ጠራኋቸው። አዎ፣ ተጸየፍኋቸው። ስለ ሥራቸው ልጽፍ ሄጄ ከሥራቸው ሽታ ሸሸሁ።

ስምንተኛዋ ወይዘሮ እናኑ ነበሩ። ዕድሜያቸው ከእናቴ ዕድሜ ብዙም አይርቅም። ጥያቄ ዐሥራ ሰባት ላይ ደረስንና ሥራው በጤናዎ ላይ ጉዳት አድርሷል ወይ ብዬ አነበብሁላቸው።  ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው እግራቸውን አሳዩኝ። አልቅት የለቀቀው ቦታ ገና ይደማል፤ ከዚያ በታች ቆዳው ተልጦ ቁስሉ መግል ይዟል። ፊቴን አዞርሁ። ሳዞር አዩኝና ቀሚሳቸውን ቶሎ ለቀቁት።

«ልጄ፣ ያየኸውን ጻፍልን» አሉኝ። «ሥራውን አልጠላነውም። ቦት ጫማና ጓንት እንኳ ቢያደርሱልን ምን አለ?»

እጽፋለሁ አልኋቸው። ነገ ተመልሼ የቀሩትን አነጋግራለሁም አልሁ። አሻራቸውን ተቀብዬ ወደ ከተማ ተመለስሁ፤ ቤቴ ገብቼ ሁለት ጊዜ ታጠብሁ። ነገ ግን አልተመለስሁም፤ ከነገ ወዲያም አልተመለስሁም።

የቀሩትን ኀምሳ ሁለት መጠይቆች ማን ሞላቸው? እኔ ሞላኋቸው። በምሳ ሰዓት መዝገብ ቤቱ ጭር ሲል በሰማያዊ እስኪርቢቶ፣ በጥቁር እስኪርቢቶ፣ ሲሰለቸኝ በግራ እጄ ሞላኋቸው። ጥያቄ ዐሥራ ሰባት ላይ ስደርስ «አልደረሰብኝም» በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። በኀምሳ ሁለቱም ላይ። ለምን? ጠልቻቸው ነው? ከልክሎኝ የነበረ ሰው አለ? የለም። «ደርሶብኛል» ለሚል ሰው ከሥሩ ዝርዝሩን የሚጽፍበት አምስት መስመር ነበረው። አምስት መስመር መፍጠር ታከተኝ። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም፤ ብዙ ጊዜ ፈልጌአለሁ።

ቀጥሎ አሻራው መጣ፤ ስምንቱም በጣታቸው ስለፈረሙ የቀሩትም እንደዚያው እንዲመስሉ ፈለግሁ። ዐሥሩን ጣቴን በቀለም ነክሬ ጨረስሁ። አጋድሜ ደገምሁ፤ አላልቼ ሠለስሁ። የእግሬን አውራ ጣት እንኳ ሞክሬ ከወረቀቱ ቦታ ሰፍቶብኝ ነው የተውሁት። ያን ጊዜ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሣቅሁ። ምኑ አሣቀኝ? 

አሻራዎቹ እየተመሳሰሉ ሲያስቸግሩኝ ቀለሙን በፌስታል ጠቅልዬ ዓባይ ማዶ ወደሚገኘው የእናቴ ቤት ሄድሁ። እናቴ የቄስ ልጅ ናት፤ ዳዊት ሲደገም እየሰማች አደገች እንጂ ፊደል አልቆጠረችም። የምትፈርመው በጣቷ ነው። ለትምህርቴ የሚያስፈልግ ነገር ነው አልኋት። ለትምህርትህ ከሆነማ ብላ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ በነጠላዋ ጫፍ አድርቃ ፊቴ ተቀመጠች። ጣቷን ወረቀቱ ላይ ባሳረፈች ቁጥር በስመ አብ ትላለች። እኔ ጣቷን ይዤ እጫናለሁ፤ እሷ ትመርቀኛለች። ምን እንደምታትም ብነግራት እጇን የምትነጥቀኝ ሴት ናት፤ ስለዚህ አልነገርኋትም። የራሴ ቅሌት አልበቃ ብሎኝ የእናቴን ንጹሕ እጅ ሐሰት አሳተምሁት።

ሠንጠረዡን ስሠራ ስምንቱ እውነተኛ ወረቀቶች አላስቀምጥ አሉኝ። ስምንቱም ተጎድተናል ይላሉ። ልዩነቱ ከምን መጣ ብለው አማካሪዬ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ? ቀደድኋቸው። የወይዘሮ እናኑንም ቀደድሁ። በምትካቸው ስምንት አዲስ ሞላሁና ስልሳው ሰው በሙሉ ጤነኛ ሆነልኝ።

አማካሪዬ መስክ ወርዶ የለፋ ተማሪ ብለው በሰው ፊት አመሰገኑኝ። ኤ ሰጡኝ። ጋዎን ለብሼ ሐይቁ ዳር ፎቶ ተነሣሁ፤ እናቴ እልል አለች። ዲግሪውን ባስገባሁ በጥቂት ወራት ውስጥ ከመዝገብ ቤት ወጥቼ ባለሙያ ተባልሁ፤ የራሴ ጠረጴዛም ተሰጠኝ።

ዓመት ሳይሞላ ከሐይቁ ዳር ሦስት ሰዎች ማመልከቻ ይዘው መሥሪያ ቤታችን መጡ። ቦት ጫማ፣ ጓንትና ለታመሙት ሕክምና ይሰጠን ይላሉ። ኃላፊያችን አስጠሩኝና ጥናትህን አምጣው አሉኝ። አመጣሁት። ገልጠው ጮክ ብለው አነበቡት፤ ከተጠየቁት ስልሳ ሰዎች ጉዳት ደረሰብኝ ያለ አንድም የለም። ሦስቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከሦስቱ አንዷ ወይዘሮ እናኑ ነበሩ። እኔን ሲያዩኝ ፊታቸው ፈካ፤ የሚመሰክርላቸው ሰው አገኙ።

«ይኸ ልጅ እኮ ያውቃል» አሉ። «እግሬን አሳይቸዋለሁ። እሱን ይጠይቁት።»

ኃላፊያችን ወደ እኔ ዞሩ። ከእኔ የሚፈለገው አዎ የሚል ቃል ነበር። አዎ ብል ዲግሪዬ ይሄዳል፤ ጠረጴዛዬ ይሄዳል፤ እናቴም ጣቷ ምን እንዳተመ ትሰማለች። ይህን ሁሉ ዐይኔን ሳላርገበግብ አሰብሁት። የሴትዮዋን እግር ግን አላሰብሁም።

«ብዙ ሰው ነው ያነጋገርሁት» አልሁ። «እሳቸውን አላስታውሳቸውም።»

ጥያቄያቸው ውድቅ የሆነበትን ደብዳቤ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። «በጥናት እንደተረጋገጠው» የሚለውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ወይዘሮ እናኑ አሁን ውሃ አይገቡም አሉ፤ አንድ እግራቸው እንቢ ብሏቸው በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ሌሎቹ ዛሬም በባዶ እግራቸው ይገባሉ። ደብዳቤው አልተሻረም። ሊሽሩት የሚችሉት ኃላፊ ቢሯቸው ከእኔ በሦስት በር አይርቅም። በዚህ ሳምንት ብቻ በበራቸው ስንት ጊዜ አለፍሁ? አንድም ቀን አላንኳኳሁም። ለእናንተ መጻፍ ቀለለኝ፤ ይህም ያው ስንፍናዬ ነው። ሥራዬን እየጠላሁ ደመወዙን እበላለሁ፤ ራሴን እየተጸየፍሁ ጫማዬን አስጠርጋለሁ። ወጣት ነበርሁ፣ ኑሮ ነው፣ ሁሉም ያደርገዋል እንድትሉልኝ አልፈልግም። እኔ ለራሴ ብዬው አልሠራልኝም።

አንድ የደበቅኋችሁ ነገር ቀርቷል። ያን ቀን አላስታውሳቸውም ካልሁ በኋላ ወይዘሮ እናኑ አልተሳደቡም፤ አልማሉም። ፊቴን አዩና ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። ሲወጡ አጠገቤ ቆም አሉ።

«ከሌላ ሰው ጋር አምታትቸህ ይሆናል» አሉኝ። «በሰው ፊት ስላስቸገርሁህ ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

ስለዚህ ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። ከሁለታችን ይቅርታ የለመኑት እሳቸው ናቸው። እኔም ኃላፊዬ እያዩኝ፣ ምንም አይደል ብዬ ይቅር አልኋቸው።