የቆቅ አዳኙ ሽማግሌ

ከአሰላ በላይ፣ ጭላሎ ግርጌ ባለው የገብስ ማሳ ዳር ብዙ ጊዜ አያቸዋለሁ፤ ስማቸውን ግን አላውቅም። ሱሪያቸውን ቦቲ ጫማ ውስጥ ከተው፣ ባለ ሁለት አፈሙዝ አሮጌ ጠመንጃ ይይዛሉ፤ በአንዱ ጥይት፣ በሌላው ጥቃቅን እርሳስ የሚበትን የወፍ ርሽ ይተኮሳል።

ትናንት ቡራቡሬ ውሻቸው ቁጥቋጦ ሥር ቆቅ አግኝታ አንድ እግሯን አንስታ ቆመች። ቆቋ ስትበር ሽማግሌው አነጣጠሩ፤ አልተኮሱም።

«አባባ፣ ምነው ሳይተኩሱ ቀሩ?» አልኳቸው።

«እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ጠመንጃውን ባዶውን ነው የምይዘው። ውሻዬ ጆሮዋ አይሰማም፤ የሳትኩ ይመስላታል። ማርጀቴን እንድታውቅብኝ አልፈልግም» አሉኝ።

ስንመለስ ውሻዋ መንገድ ላይ ደክሟት ተኛች። ጠመንጃውን እኔን አስይዘው፣ ውሻዋን በጋቢያቸው አዝለው ቁልቁለቱን ቀስ እያሉ ወረዱ።