ሊፍት ለሚገፋ

ባለፈው ሰሞን ከቴፒ ወደ ሚዛን ስንመጣ አንዲት ልጅ መንገድ ዳር ቆማ «ሊፍት» ብላ እጇን ዘረጋች። ልጄ አልፏት ነዳ። ተመለስ አልኩት። «እማ፣ ቸኩለናል እኮ።» ተመለስ አልኩ፤ እኔ ደግሞ አንዴ ከያዝኩ አልለቅም።

እንግሊዝኛ ሳስተምር ያረጀሁ ነኝና ቃል ሳገኝ አገሩን ሳልጠይቅ አላልፍም። ሊፍት ጥንት ከሰሜን ባሕር ማዶ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ቃል ነው፤ ዘሩ ከአየርና ከሰማይ ስም ጋር ይገናኛል፤ ትርጉሙም ወደ ላይ ማንሳት ነው። በሠረገላ ዘመን መንገደኛ ማሳፈርም ሊፍት ተባለ። የፎቁ ሊፍት እንኳ ስሙን ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ አገር ሲደርስ ደግሞ ጭቃ ገባበት።

እኔ ልጅ ሳለሁ፣ በክረምት የጭነት መኪና ሹፌር ሊፍት ከመስጠቱ በፊት እጅ ያያል። መኪናው ሲሰምጥ ወርዶ ቅርንጫፍ የሚቆርጥ፣ ጎማ ሥር የሚያነጥፍ፣ የሚገፋ ካልሆነ አያሳፍርም። እኔ ለመምህራን ማሠልጠኛ ተመርጬ ነበር፤ ሚዛን ላይ ምዝገባው በሚያበቃበት ቀን ግን ከቴፒ የሚነሳው አውቶቡስ ቀረ። በመጨረሻ ጋሽ ሙዘይን የሚባል ሹፌር ቡና ጭኖ መጣ።

«ስንቱን ጎረምሳ መልሼ አንቺን ልጫን?» አለኝ።

«ዛሬ ካልደረስኩ ቀረሁ ጋሼ። እገፋለሁ።»

የተተኮሰ ነጭ ሸሚዜን አየ። «በዚህ ሸሚዝ?»

«በዚሁ።»

ጆንያው ላይ ወጥቼ እናቴ በኮባ ቅጠል የጠቀለለችልኝን ቅቅል ጎደሬ እየበላሁ ተጓዝኩ፤ ከጫካው የእርጥብ ቅጠል ሽታ ይመጣል። ሸኮን እንዳለፍን ሰመጥን። ወረድን፣ ቆረጥን፣ አነጠፍን፣ ገፋን። ጎማው ሲሽከረከር ጭቃው በሙሉ እኔን የመረጠ ይመስል ነበር። መኪናው ሲወጣ ግን ከደስታዬ ብዛት ሸሚዜንም ረሳሁት።

ሚዛን ስንደርስ መዝጋቢው ቢሮውን ሊቆልፍ ነበር። ከላይ እስከ ታች አየኝ። «እንዲህ ሆኖ ነው መምህርነት?» አለ። እንባዬ መጣ።

ጋሽ ሙዘይን ከኋላዬ ገባ፤ እሱም ጭቃ በጭቃ። «ጌታዬ፣ እሷን ያመጣኋት እኔ አይደለሁም» አለ። «እሷ ናት እኔን ከነቡናዬ ያመጣችኝ።»

መዝጋቢው ሳቀና መዝገቡን መልሶ ከፈተ።

ልጄ እያጉረመረመ መኪናውን ወደ ልጅቷ አዞረ። ልጅቷ ፌስታሏን ታቅፋ ከኋላ ተቀመጠች። ዛሬ መንገዱ አስፋልት ነው፤ የሚገፋ ነገር የለም፤ እሰየው። ልማድ ሆኖብኝ ግን እጇን አየሁ።

«ወዴት ነሽ ልጄ?»

«ለምዝገባ ነው እማማ። ዛሬ ያበቃል።»

ዞር ብዬ ልጄን አየሁት። ነዳጅ ረገጠ።