ከየኔታ ጋር ኮሌጅ ፍለጋ

ከዲማ የወጣነው ሰኞ ጎህ ሲቀድ ነው። ጉዳያችን ደብረ ማርቆስ ሄደን ሁለት ኮሌጆች ማየትና በአንዱ መመዝገብ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ አልመጣልኝም። አጎቴ «አካውንቲንግ ተማሪ፤ ባንክ ትገቢያለሽ» ይለኛል። የባዮሎጂ መምህሬ «አዋላጅ ነርስነት ይሻልሻል» አለችኝ። እኔ ለሁሉም እሺ ስል ከረምኩ። ሁለት ባላ ትከል ይባል የለ? ኮሌጆቹ ግን ኦሪጅናሉን የውጤት ወረቀት ካልሰጠኋቸው አይመዘግቡኝም፤ እሱ ደግሞ አንድ ነው። ምዝገባውም በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

አብረውኝ የሄዱት አባቴ ናቸው። ቅኔ ስለሚያስተምሩ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። የኮሌጅ ደጅ ግን ረግጠው አያውቁም። እሳቸው ይመርጡልኛል ብዬ ነበር የተጽናናሁት።

ሉማሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት

እስከ ብቸና በእግር፣ ከዚያ ደጀን ላይ ሚኒባስ ቀይረን ሉማሜ ደረስን። ዝናብ የጠገበው የጤፍ ማሳ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞታል። ሾፌሩ ጎማ እስኪያይ በሃያ ብር ሻይ ጠጣን።

«መምህሩ ማን ይባላል?» አሉኝ አባቴ።

«የቱ መምህር?»

«የሚያስተምርሽ ነዋ!»

ስልኬን ከፍቼ የአካውንቲንጉን ኮሌጅ ፎቅ አሳየኋቸው። ትክ ብለው አዩት። «ቤቱስ ደህና ነው። ማነው የሚያስተምርበት?»

ሻይ የቀዳችልን ሴት ሳቀች። እኔ አፈርኩ። በቅኔ ቤት ወግ ተማሪ የሚመርጠው ቤቱን ሳይሆን መምህሩን ነው። ስም ሰምቶ ይሄዳል፤ ዳር ተቀምጦ ሲያስተምሩ ያዳምጣል፤ ካልጣመው ስንቁን አንጠልጥሎ መንገዱን ይቀጥላል። አባቴ ማርቆስም በዚሁ ወግ ሊገቡ ነው።

ማርቆስ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ

ባጃጁ መጀመሪያ የማንፈልገው ኮሌጅ በር ላይ ጣለን። ሁሉም በር ሰማያዊ፣ ሁሉም ግድግዳ ማስታወቂያ ነው፤ ዞሮብኝ ነበር። የአካውንቲንጉን ስናገኝ ወለሉ ነጭ ሴራሚክ፣ እንግዳ ተቀባይዋም ትሁት ናት።

«ሲያስተምሩ ጥቂት ልስማ ብዬ ነበር» አሏት አባቴ።

«ትምህርት ገና አልተጀመረም፣ አባቴ።»

«እንግዲያው መምህሩን አገናኚኝ።»

«መምህራኑ ገና እየተቀጠሩ ነው።»

አባቴ ዞር ብለው አዩኝ። ከሀፍረቱ ለመገላገል ብዬ ወረቀቱን ልሰጣት ምንም አልቀረኝም። «እንመለሳለን» ብለው እጄን ይዘው ወጡ።

ሁለተኛው ኮሌጅ፣ ዘጠኝ ሰዓት

የአዋላጅ ነርሶቹ ግቢ አሮጌ ነው፤ ቆርቆሮው ዝጓል። አንድ ክፍል ውስጥ ነባር ተማሪዎች ይማራሉ። አባቴ ጥምጥማቸውን አስተካክለው በሩ ላይ ቆሙ። «ሲስተር፣ ቢፈቅዱልኝ ከኋላ ሆኜ ልስማ?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። መምህርቷ ግን አልሳቀችም። «ይግቡ አባቴ» አለችና ወንበር አሳየችን። ከዚያ የላስቲክ አሻንጉሊት ይዛ፣ ተወልዶ ያላለቀሰ ሕፃን እንዴት እንደሚረዳ ቀጠለች። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። አንቀላፍተው እንዳይሆን ፈራሁ።

ስንወጣ አሥር ሰዓት አልፏል። ደጁ ላይ ድንጋይ አግኝተን ተቀመጥን። አባቴ ጋቢያቸውን ጠቅልለው አስያዙኝ። ልቤ ሁለት ሆኖ «አባባ፣ እርስዎ ይምረጡልኝ» አልኳቸው። እንባዬ መጥቶ ነበር።

«ልጄ ይታይሽ፣ መጀመሪያ ቀጽይልኝ» አሉ። መቀጸል ተማሪ ከመምህሩ የሰማውን መልሶ ማለቱ ነው። «ከፊተኛው ቤት ምን ሰማሽ?»

«ሴራሚኩ ነጭ ነው... ኮምፒውተር አላቸው...» ሌላ አልመጣልኝም።

«ከዚህኛውስ?»

«ሕፃኑ ካላለቀሰ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ጀርባው ይታሻል። አንገቱ ቀና ይደረጋል። አሁንም ካልተነፈሰ ጊዜ ሳይባክን በጭንብሉ አየር ይሰጠዋል...» እስከ መጨረሻው ወረድኩት። ሳላውቀው የአባቴን ጥቅልል ጋቢ ጭኔ ላይ አስተኝቼ እያሸሁ ነበር።

አባቴ ጭኔ ላይ ያለውን ጋቢ አዩት።

«ደም ብፈራስ፣ አባባ?»

«እኔ ቅኔ ቤት ስገባ ውሻ እፈራ ነበር። ተማሪ ደግሞ የሚበላው ከየደጁ ለምኖ ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እፈራለሁ።»

ሳቅሁ። ተነስቼ ወረቀቴን እዚያው ኮሌጅ በምዝገባው መስኮት አስገባሁ።

ዲማ፣ ማክሰኞ ከሰዓት

ማርቆስ አድረን በማግስቱ ቤት ገባን። እናቴ «ምን መረጣችሁ?» ስትል አባቴ ጋቢያቸውን ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አስተኙና ትምህርቱን ከሥሩ ጀመሩላት፦ በደረቅ ጨርቅ መጥረጉን፣ ጀርባ ማሸቱን፣ ጭንብሉን...

«አባባ፣ አንገቱን ቀና ማድረጉን ዘለሉት» አልኩ። አፌን ወዲያው በእጄ ያዝኩ። እሳቸውን የሚያርም ሰው አይቼ አላውቅም።

ትልቅ ነገር የተማርኩ አይመስለኝም። ኮሌጁን በትክክል መምረጤን ዛሬም አላውቅም። አባቴ አንገቱን የዘለሉት ረስተው ይሁን ሊፈትኑኝ፣ እሱንም አላወቅሁም። ብቻ ጋቢውን ከጭናቸው አንስተው እጄ ላይ አስቀመጡት።

«በይ አሳዪኝ» አሉ።