ከምንጣፉ አይወጣም የተባለው

ቶሪካ በደሴታችን ትምህርት ቤት የአምስተኛ ክፍል መምህርት ናት። ከሃያ ዓመት በላይ አስተምራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የመንደሩን ሴት ልጆች ሰብስባ ኔትቦል የሚባለውን የእጅ ኳስ ታጫውታለች፤ ስትቆጣቸው ድምጿ ጀልባ ማቆሚያው ድረስ ይሰማል። በንባብ የእሷን ልጆች የሚረታ አልነበረም። ሰባተኛ ክፍል ሲደርሱ የምረከባቸው እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አይሆንላትም፤ ክፍልፋይ። ግማሽና ሩብ ላይ ደህና ናት። ታህታቸው የተለያየ ሁለት ክፍልፋዮች ደምሪ ስትባል ዓይኗ ይጨልማል። ይህን የምታውቀው ኡናይሲ ብቻ ነበረች። ኡናይሲ አራተኛ ክፍልን ታስተምራለች፤ የቶሪካ የአክስት ልጅ ናት፣ ተቃቅፈው ነው ያደጉት። ያ ምዕራፍ በመጣ ቁጥር ሁለቱ ክፍል ይለዋወጣሉ፤ ኡናይሲ የአምስተኛን ሒሳብ ትይዛለች፣ ቶሪካ የአራተኛን መዝሙር። እኛ ሌሎቻችን ለጨዋታ ይመስለን ነበር።

አንድ ዓመት በትምህርት ዕረፍቱ ለመምህራንና ለወጣት ቡድን መሪዎች የአምስት ቀን ሥልጠና ሳቩሳቩ ከተማ ላይ ተዘጋጀ። ከእኛ ትምህርት ቤት ሦስታችን ሄድን፤ ሁለቱ ሴቶችና እኔ። አሠልጣኙ ከዋና ከተማው ከሱቫ የመጣ አፔኒሳ የሚባል ለስላሳ ሰው ነበር። ሁለት ቀን በጨዋታ ማስተማርን፣ የተጣላ ልጅ ማስታረቅን ስንለማመድ ቆየን። በሦስተኛው ቀን ወንበሮቹን አስወጥቶ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተን እንድንቀመጥ አደረገ።

«ዛሬ እያንዳንዳችሁ የማትችሉትን አንድ ነገር ትናገራላችሁ» አለ። «እዚህ የተባለ ከዚህ ምንጣፍ አይወጣም።»

እኔ የእጅ ጽሑፌ አይነበብም አልኩ።

«ይሄንንማ ተማሪዎችህ ቀድመው ነግረውናል!» አለች ኡናይሲ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከላምባሳ ከተማ የመጣ ሳምፓት የሚባል የወጣቶች መሪ ልጆቹን ወንዝ እየወሰደ ራሱ ዋና እንደማይችል ተናገረ። ተራው ቶሪካ ጋ ደረሰ። ዞር ብላ ኡናይሲን አየቻት። ኡናይሲ ጉልበቷን ነካ አድርጋ «በይ» አለቻት፣ «ይቅለልሽ።»

ነገረችን። ሁሉንም ነገረችን፤ ክፍል መለዋወጡን፣ ወላጅ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ሥራ በዛብኝ ብላ መሸሿን። እያለቀሰች ነው የጨረሰችው። ማንም አልሳቀም። ከምሳ በኋላ ሳምፓት የተቀቀለ ካሳቫ በቢላዋ እየቆራረጠ አጠገቧ ተቀመጠ። አሥራ ሁለት እኩል ቁራሽ ከትፎ ሲሶውንና ሩቡን ለየላትና «ቁጠሪያ» አላት።

«ሰባት... ሰባት አሥራ ሁለተኛ!» ብላ ጮኸች። «ይሄ ነው እንዴ? ለዚህ ነው አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሸሸሁት?» ማታ በልታ ስትጠግብ እንኳ ሰሃኑ ላይ የተረፈውን እየከፋፈለች ነበር።

ከሥልጠናው ሁለት ወር በኋላ የምክትል ርዕሰ መምህርነት ቦታ ተከፈተ። ቦታው የቶሪካ መሆኑን ዓሣ አጥማጁ ሳይቀር ያውቃል። ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው «ቅጹን ሙዪ» ብለዋታል። ኡናይሲም መወዳደሯን ግን ማንም አልሰማም።

ቶሪካ ለቃለ መጠይቅ ባሕር ተሻግራ ሄደች። ከጠያቂዎቹ አንዱ መነጽሩን አውልቆ፣ «ማዳም፣ በእርስዎ ክፍል ክፍልፋይን የሚያስተምረው ማነው?» አላት። ከዚያ በኋላ የመለሰችውን አታስታውስም።

ከጀልባ እንደወረደች ቀጥታ እኔ ቤት መጣች። «አንተ ነህ?»

«በልጆቼ እምላለሁ፣ አይደለሁም።»

አፔኒሳ ጋ ደወለች፤ በሪፖርቱ የማንንም ስም እንዳልጻፈ ማለላት። እኔ የገባኝ ያኔ ነው። እሷ ግን የአክስቷን ልጅ መጠርጠር አልቻለችም፤ ሹመቱ ለኡናይሲ መሆኑ እስኪነገር ድረስ አልቻለችም።

በነጋታው ውሃ ማጠራቀሚያው ጋ አገኘቻት። እኔ ባልዲ እየሞላሁ ነበር፤ መሄድም መቆምም ጨነቀኝ።

«ኡና፣ አንቺ ነሽ?»

«ቃለ መጠይቁ ላይ ጠየቁኝ፣ ቶሪ። ‹የሥራ ባልደረባሽን ምን ረዳሽ?› አሉኝ። ምን ልበል? የረዳሁት አንቺን ነው።»

«ስሜን ጠራሽ?»

«ማን ናት ሲሉኝስ?»

«‹በይ› ያልሽኝኮ አንቺ ነሽ።»

«ያኔ እንዲቀልሽ ብዬ ነው። እውነቴን ነው።»

«አሁን ደምሪ ብትይኝ እደምራለሁ። ይሄንንስ ነገርሻቸው?»

ኡናይሲ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አየች። «እሱን አልጠየቁኝም» አለች።

ወሬው መንደር ገባ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጆች ከአጥር ጀርባ «ማዳም ግማሽ!» እያሉ ይሮጡ ጀመር። ከመካከላቸው ማንበብ ያስተማረቻቸው ነበሩ። ለአምስት ቅዳሜ ሜዳው ባዶ ሆነ።

ለገና በዓል ሁለት ሳምንት ሲቀር የኡናይሲ ዘመዶች የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዘው ለይቅርታ ወደ ቶሪካ አጎት ቤት መጡ። በእኛ ባህል ጥርስ ይዞ የመጣን ሰው አይመልሱትም። ሽማግሌው አጎቷ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ስመው አስቀመጡት፤ እንደ ልማዱ ጭብጨባው ተጨበጨበ፣ ያንጎና የሚባለው የሥር መጠጥ ጽዋ ዞረ። ሰዎቹ እፎይ ብለው ማውራት ሲጀምሩ ኡናይሲ ተንፏቅቃ በሩ አጠገብ ወደተቀመጠችው ቶሪካ ሄደች።

«ይቅር አልሽኝ?»

«አጎቴ ተቀብለዋል።»

«አንቺስ?»

ቶሪካ ጽዋዋን አስቀመጠች። «ዱሮ ቢሆን እነግርሽ ነበር» አለቻት።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ። ቶሪካ ክፍልፋይን ራሷ ታስተምራለች፤ ባለፈው ዓመት አንድም የእሷ ተማሪ በሒሳብ አልወደቀም። ኔትቦሉንም መልሳ ጀምራለች። ዓርብ ዓርብ የትምህርት ዕቅዷ በምክትል ርዕሰ መምህርቷ መፈረም አለበት። ደብተሩን በእኔ ትልከዋለች፤ ኡናይሲ ከመፈረሟ በፊት ሁልጊዜ «ምን አለች?» ትለኛለች። ምንም አላለችም እላታለሁ። እውነትም ምንም አትልም።