ከመጋረጃው ጀርባ ላለው ልጄ የጻፍኩት ደብዳቤ

አንዲት ወጣት ልጅ ጎፋ ሰፈር ያለው ቤቴ በር ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዛ ቆመች። ማኅተሙን ሳይ ከቀበሌ የመጣች መሰለኝ። በዚያ ሰሞን ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ወጣቶችን ይመዘግብ ነበር፤ እኔ ደግሞ አንድያ ልጄን «ሰላሌ አጎቱ ዘንድ ሄዷል» ብዬ አስጽፌ፣ ቤት ውስጥ ደብቄው ነበር።

«የኮሌጅ ተማሪ ነኝ፣ እማማ» አለችኝ። «አስተማሪያችን ሰፈር ገብታችሁ ሰው አገልግሉ፣ ያያችሁትንም ጽፋችሁ አምጡ ብሎናል። ማርክ አለው። ስንት ሆናችሁ ነው የምትኖሩት?»

«ብቻዬን ነኝ። ልጄ ሰላሌ አጎቱ ዘንድ ነው።»

ይህን ያልኩት ቶሎ እንድትሄድልኝ ነበር። ለካ ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶች ይቅደሙ ተብለዋል። አዝናልኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ ላስተምርዎት አለች። ትምህርት ያቆምኩት ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ፊደል እየቆጠርኩ አነባለሁ፣ መጻፉ ግን ጠፍቶብኛል። እምቢ ብል ትጠረጥራለች ብዬ እሺ አልኩ።

ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ልጄ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው ላይ ድምፁን አጥፍቶ ይጋደማል። እሱን ከደበቅኩ ወዲህ ጎረቤት አላስገባም፤ ዕድር እንኳ ደርሼ ሳልቀመጥ ነው የምመለሰው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቤቴን የምታንኳኳ አንዲት ሰው ብትገኝ፣ እሷንም የምፈራት ሆንኩ።

ስትወጣ ልጄ መጋረጃውን ገልጦ ያሾፍብኛል።

«እሺ፣ ብቸኛዋ ሴትዮ! ምሳው ለአንድ ሰው ነው?»

«ቀስ በል እንጂ፤ በደጅ ሰው ያልፋል።»

አራተኛው ቅዳሜ ልጅቷ «ዛሬ ለልጅዎ ደብዳቤ እንጻፍ» አለች። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ። እርሳሱን ጨብጬ፣ የጠፋኝን ፊደል እያስታወሰችኝ ጻፍኩ፦ «ልጄ ሆይ፣ ለጤናህ እንደምን ነህ? እኔ ደኅና ነኝ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ራት ለብቻዬ አልበላልኝ ብሏል። ሰው ቶሎ አትመን። ብርድ እንዳይመታህ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ሳቁን ሲያፍን መሰለኝ፣ አልጋው ሲጢጥ አለ። ቶሎ ብዬ ሳልኩ። ልጅቷ ቀና ሳትል «ይጨርሱት፣ እማማ» አለችኝ። ሰምታ ይሆን? ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ።

ያን ዕለት ልጄ ደብዳቤዬን በቀይ እስክሪብቶ አረመልኝ። ግርጌው ላይም «ከአሥር ስምንት። ራቱስ?» ብሎ ጻፈበት። እየሳቅን በላን።

በሳምንቱ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ወጣት ታፈሰ ተባለ። ቤት ለቤትም ይፈተሻል የሚል ወሬ መጣ። ከዚህ በኋላ መጋረጃ አያድነውም ብዬ፣ በገበያ ቀን ወደ ሰላሌ ከሚመለሱ እህል ነጋዴዎች ጋር አደባልቄ ወደ ወንድሜ ላክሁት። ኬላውን አልፎ በደኅና ደረሰ የሚል ቃል እስኪመጣልኝ ራት መሥራት ተውኩ።

ልጅቷ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣችው ያን ቃል በሰማሁ ማግስት ነው። ለአስተማሪዋ የምትሰጠውን ጽሑፍ አነበበችልኝ። «ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት» ይላል መጀመሪያው። መጋረጃው ተሰብስቦ ታስሯል፤ አልጋው ባዶውን ይታያል።

«ደብዳቤው ደረሰው?» አለችኝ።

«ደርሶታል።»

«መልስስ ጻፈልዎት?»

«ስለ ራት ጠየቀኝ።»

ሳቀች። ትምህርቱ ስላለቀ ከዚያ ወዲያ እንደማትመጣ ነግራኝ፣ ጉንጬን ስማኝ ሄደች። ማርኩ ጥሩ እንዲሆንላት ከልቤ ተመኘሁ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሳላውቀው በሩን ገርበብ አድርጌ ስጠብቃት ዋልኩ።

ወደ ሰላሌ የሚሄድ ሰው ሳገኝ ለልጄ አዲስ ደብዳቤ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ምንም አልመጣልኝ አለ። የድሮውን ከፍራሹ ሥር አውጥቼ ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩት። አሁን የሚቀየር አንድም ቃል የለውም። ቀዩን እርማት እንዳለ ተውኩት። ከእሱ ጥያቄ ሥር ብቻ፣ ማንም ፊደል ሳያስታውሰኝ፣ «ራቱ አለ» ብዬ ጨመርኩበትና ላክሁለት።