አባ ቱፋ እጃቸውን ያስነከሱ ቀን

ልጅ ሳለሁ፣ ሁሩታ አጠገብ፣ ገብስ በሚወቃበት ሰሞን ማታ ማታ አውድማው ዳር እሳት ይነድ ነበር። ጎረቤታችን አባ ቱፋ ፍሙ አጠገብ ተቀምጠው ተረት ያወሩልናል፤ ያኔ ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበንም ከአጠገባቸው አንነሳም። አንድ ምሽት ስለ ቀጭኑ እባብ አወሩን። በጠራራ ፀሐይ እንሽላሊትና አይጥ ያሳድዳል፣ እንቁላሉን ገለባ ውስጥ ይጥላል፣ ሲይዙት ይናከሳል እንጂ መርዝ እግዜር አልሰጠውም አሉ።

አባቴ ሳቀ። «ደግሞ ለእባብ ጠበቃ ቆሙ? እባብ ሁሉ ያው የሔዋን ጠላት ነው!»

«እንግዲያ አይጡን አንተ ብላልኝ» አሉት።

በማግስቱ፣ አባ ቱፋ ሊያግዙን መጥተው በሬዎቹ ገብሱን እየረገጡ ሲዞሩ፣ አባቴ እህቴን አልማዝን «ጅራፉን ከክምሩ ላይ አምጪልኝ» አላት። ከገለባው ቡናማ ቀጭን ጫፍ ወጥቶ አየችና ሳበችው። ጩኸቷ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። እጇ ደማ፤ እባቡ ተመልሶ ክምሩ ውስጥ ገባ።

አባቴ ክንዷን በጠፍር ጠፍንጎ አሰረና ምላጭ አወጣ። እባብ የነከሰው ሥጋ ካልተበጣ ሰው ይሞታል፣ እኛ ዘንድ የሚታወቀው ይኸው ነበር። ጣቶቿ ሲጠቁሩ እያየሁ እመቤቴን እጠራለሁ።

«ዲሲ! ተው አልኩህ!» አባ ቱፋ በኦሮምኛም በአማርኛም እየጮኹ እጁን ያዙት። «ያ ቀጭኑ ነው። ጅራቱን አይቻለሁ።»

«ልጄ ናት፣ አባ ቱፋ! ቢሳሳቱስ?»

እሳቸው ክምሩን በመንሽ ገለበጡና እባቡን ከወገቡ አፈፍ አደረጉት። ዞሮ የእጃቸውን አንጓ ነከሰ። ሲለቁት እየተወናጨፈ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። ደማቸው እየወረደ አልማዝ አጠገብ ተቀመጡ።

«በል ጠፍሩን ፍታላት። እኔም አልታሰርኩ። መርዝ ካለው ሽማግሌው እቀድማለሁ።»

አባቴ ፈታላት። ምላጩን ግን አልጣለም። አንዴ እሷን፣ አንዴ እሳቸውን ያያል። ጥላችን ወደ ምሥራቅ እየረዘመ ሄደ፣ እኔ ጸሎቱ ጠፍቶብኝ «አቤቱ፣ አቤቱ» ብቻ እላለሁ።

በመጨረሻ አልማዝ ውሃ ጠማኝ አለች።

«ለእኔም ጨምሩ» አሉ አባ ቱፋ፣ «ቆሎ ካለም አልጠላም።»

አባቴ ያኔ ምላጩን ጥሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

እኔ ብዙ አልተማርኩም። ካህኑ ስለ እምነት ሲሰብኩ ግን የሚታየኝ የሽማግሌው አንጓ ነው። አባ ቱፋ ሙስሊም ነበሩ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ቢሆንም ማታ ስጸልይ፣ አምናለሁ ላልኩት ነገር እጄን የምሰጥበት ልብ ስጠኝ እላለሁ። እስከ ዛሬ ያን ያህል አልተፈተንኩም። ስፈተን ምን እንደማደርግ አንድዬ ነው የሚያውቀው።