መስኮቱ ጋ ያለው ወንበር

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ፎርም መሙላት እንኳ ያስፈራኛል።

አጎቴ ወደ ሰፈራችን ሆሎዌይ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ ሁልጊዜ መስኮቱ ጋ እየተቀመጡ፣ መርከበኛ ሳሉ ስላዩዋት አገር ስለ ጋቦን ያወሩልኝ ነበር።

«ዋና ከተማዋን ሊብረቪል፣ ነጻ ከተማ ያሏት ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎች ስለሰፈሩባት ነው። ዝሆኖቿ ደግሞ ባሕሩ ዳር ድረስ ይወርዳሉ፤ እንዳንቺ ዓይናፋር ናቸው። አብረን ሄደን እናያቸዋለን፤ አንቺ ብቻ ፓስፖርት አፕላይ አድርጊ።»

ፎርሙ አቃተኝ፤ ሰው መጠየቅም አፈርኩና «አድርጌያለሁ» ብዬ ዋሸኋቸው።

አሁን ይቅርታ የምጠይቀው ሰው የለኝም። አውቶቡስ ላይ ያ ወንበር ባዶ ሆኖ ሳየው መሄዱን ትቼ እወርዳለሁ።

በመጨረሻው ቀናቸው ሆስፒታል ተኝተው «ፓስፖርትሽ መጣ?» አሉኝ።

«መጥቷል» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ።

«እንግዲያው አውሮፕላኑ ላይ መስኮቱ ጋ አንቺ ትቀመጫለሽ።»